የአባይ በረሃ ትንንሽ ድመቶች

 በደጀን፣ በቢቸና፣ በሞጣና በየዙሪያው ቀበሌ፣ ከብቱ ገብቶ በረቱ ከተዘጋ በኋላ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዱር ድመቶች ነው። አንበሳና ነብር ስማቸው ገናና ስለሆነ ጠበቃ አያጡም። ዛሬ የማወራችሁ ሌሊት በማሳችሁ ዳር ስለሚያልፉት፣ ቀን በገደሉ ጥሻ ተጋድመው ስለሚውሉት ትንንሾቹ ነው። በዓለም መዝገብ ላይ ያሉበት ሁኔታ ጥሩ ይመስላል። እኔ ግን መዝገቡን አምነን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን እናስታውስ። የደጀን ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአፋፉ ተነስቶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሻገር ሰው በአባይ ላይ እስካለው ህዳሴ ድልድይ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ደጀን ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ ግማሽ መንገድ ሳይደረስ ይለቅቃል፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ አየሩ ፊት ይጋረፋል። ያገሩ ሰው አባይ በረሃ የሚለው ይህንን ነው። በበጋ ግራሩና አባሎው ቅጠላቸውን አራግፈው ይቆማሉ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ መሐል ላይ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ተደራርቧል። በድንጋዩ ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል፣ በጥሻው ቆቅና ጅግራ ይጮሃል፣ በሣሩ ሥር አይጥ ይሯሯጣል። ምግቡ ይህን ያህል ከሞላ በላተኛ አይጠፋም።

ይህ ሸለቆ ደጀን ላይ ጀምሮ ደጀን ላይ የሚያልቅ አይደለም። ከሞጣ በታች ካለው ከሰባራ ድልድይ አካባቢ ጀምሮ ጎጃምን በምሥራቅም በደቡብም አቅፎ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሜዳ ታርሶ ካለቀ ቆይቷል፤ የቢቸናና የደጀን ጤፍ ስሙ የተጠራውም በዚያ ሜዳ ነው። ገደሉ ግን ብዙው በሬ አያቆምም፣ ማረሻም አያስገባም። ለዱር ድመት የቀረለት የተያያዘ አገር እንግዲህ ይኸው ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአገራችን በደንብ የሚታወቁ ትንንሽ የዱር ድመቶች ሦስት ናቸው። አንዱ አነር ነው። ቁመቱ መለል ያለ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ከገላው አንጻር እግሩ ከድመት ወገን ሁሉ የረዘመ። ሣር ውስጥ ቆሞ በጆሮው ብቻ አይጥ የተንቀሳቀሰችበትን ቦታ ይለያል፤ ከዚያ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ በሁለት የፊት እግሩ ይወርድባታል። በአገራችን ደጋ ላይ ሙሉ ለሙሉ ጥቁር የሆነ አነር እንደሚወለድ ይታወቃል። በማታ ያንን ያየ ሰው ግስላ አየሁ ቢል አይፈረድበትም። ሁለተኛው ደልጋ አንበሳ የሚባለው ነው፣ በውጭ ስሙ ካራካል። ቀይ ዳማ ቀለም አለው፣ ከጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ጸጉር ዘለላ ሆኖ ይቆማል። ደረቅ አገር ይስማማዋል፣ ውኃ ሳያገኝም ብዙ ይቆያል። ቆቅ ከመሬት ብድግ ስትል እስከ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ዘሎ በአየር ላይ የሚለቅም አዳኝ ነው።

ሦስተኛው የዛሬው ዋና እንግዳችን ነው፤ የአፍሪካ የዱር ድመት። ክብደቱ ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። በአፍሪካ ውስጥ ከጥቅጥቅ ደንና ምንም ከማይበቅልበት አሸዋ በስተቀር ያልረገጠው አገር የለም፤ በተራራም እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይወጣል። ቀለሙ ግራጫ ወይም አመድማ ሆኖ ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ሽንትር አለው። አንድ ሰው ድንገት ቢያየው «የማን ድመት ናት?» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እንዴት እንደሚለይ ቀረብ ብለን እንየው።

እግሩን ተመልከቱ። ከቤት ድመት ይረዝማል፤ ስለዚህ አረማመዱ ከፍ ያለ ነው፣ ሲቀመጥም የፊት እግሮቹ ስለሚረዝሙ ደረቱ ቀጥ ይላል። የቤት ድመት ስትቀመጥ ኮምተር ትላለች፣ እሱ ግን ይንቀባረራል። ቀጥሎ ጆሮውን ከኋላ እዩት፤ የጆሮው ጀርባ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። አንድ ሰው አንድ ምልክት ብቻ ያዝ ቢባል ይህንን መያዝ ይበቃዋል። ጅራቱ ቀጭንና ረዥም ነው፤ ወደ መጨረሻው ጥቁር ቀለበት ቀለበት ይሠራል፣ ጫፉም ጥቁር ነው። ደረቱ ወይም እግሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ዥንጉርጉር፣ ወይም ጥቁርና ነጭ የሆነ ድመት ዱር ውስጥ ብታገኙ የዱር ድመት ሳይሆን ከቤት የወጣ ነው፤ አለዚያም ከሁለቱ የተዳቀለ ነው።

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ አንድ ትልቅ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ዛሬ ምድጃ ዳር ተጠቅልላ የተኛችው ድመታችሁ የዚህ የዱር ድመት ዘር ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት በመላው ዓለም ያሉ የቤት ድመቶች የዘር ሐረግ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳይቷል። የአውሮፓውም፣ የእስያውም የዱር ድመት የቤት ድመት አባት አይደለም። የእኛ አካባቢ ዘር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእህል ነው። የሰው ልጅ ማረስና እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ጎተራውን ተከትላ መጣች። አይጥን ተከትሎ የዱር ድመት መጣ። ገበሬው ድመቱን አላሰረውም፣ አላሠለጠነውም፤ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘው ዝም አለው፣ ድመቱም ቀስ በቀስ ሰው ለመደ። በቆጵሮስ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ አንድ መቃብር አለ፤ 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ሰውና ድመት ጎን ለጎን የተቀበሩበት። ቆጵሮስ በተፈጥሮዋ ድመት አልነበረባትም። ስለዚህ ያ ድመት ባሕር የተሻገረው ሰው በጀልባ ጭኖት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የተጓዘው ጀርመናዊው ጌዎርግ ሽዋይንፉርት ደግሞ የአካባቢው ሰዎች የዱር ድመት ግልገል ይዘው ቤታቸው አካባቢ እያለመዱ አይጥ ሲያስጠብቁት እንዳየ ጽፏል። እነሆ፣ ያ ጥንታዊ ሥራ በጎረቤታችን አገር ገና በቅርቡ ሲሠራ ታይቷል ማለት ነው።

እናንተ ጤፍ የምታመርቱ አድማጮች ይህ ታሪክ በደንብ ይገባችኋል። በኅዳር ታጭዶ በክምር የተቀመጠው ጤፍ እስኪወቃ ድረስ በሥሩ ምን እንደሚራባ ታውቃላችሁ። አንዲት የማሳ አይጥ በአንድ ወሊድ አሥር ያህል ልትወልድ ትችላለች። በኢትዮጵያ ውስጥ አይጥና አይጥ መሰል እንስሳት ከ80 ዓይነት በላይ ናቸው፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ከእህላችን አይደርሱም፣ የሚደርሱት ግን በቂ ናቸው። ማታ ክምሩ ዳር አንድ የዱር ድመት መጥቶ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይተኛል። አይነቃነቅም። የጅራቱ ጫፍ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አይጧ ከክምሩ ሥር አፍንጫዋን አውጥታ ስትመለስ፣ እንደገና ስታወጣ፣ እሱ ይጠብቃል። ሦስተኛ ስትወጣ አትመለስም። ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍያ ሳይጠይቅ ነው፣ ያለ መርዝና ያለ ወጥመድ። ስለ አነርም ልንገራችሁ። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ውስጥ አነሮችን የተከታተለች አንዲት የሆላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጥናት አንድ አነር በዓመት 4,000 ያህል አይጥ እንደሚይዝ ገምታለች። በቀን ሲታሰብ አሥራ አንድ ገደማ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዓለም መዝገብ እንሂድ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ቀይ መዝገብ የሚባል ይይዛል። እያንዳንዱ እንስሳና ዕፅ ለመጥፋት ምን ያህል እንደቀረበ በደረጃ ይቀመጥበታል። ታችኛው ስጋቱ አነስተኛ የሆነ ይባላል፤ ከዚያ ለስጋት የቀረበ፣ ለአደጋ የተጋለጠ እያለ ከምድር እስከጠፋው ድረስ ይዘልቃል። አነርም፣ ደልጋ አንበሳም፣ የአፍሪካ የዱር ድመትም በመዝገቡ ላይ ያሉት ስጋቱ አነስተኛ በሚለው ደረጃ ነው። የአፍሪካው የዱር ድመት እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ከአውሮፓው ጋር እንደ አንድ ዘር ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት ባለሙያዎች ለየብቻ አደረጓቸውና እ.ኤ.አ. በ2022 ለብቻው ተመዝኖ ያንኑ ደረጃ አገኘ።

ታዲያ ምን ያሳስበኛል? ደረጃው የሚሰጠው ከዳካር እስከ ኬፕታውን፣ ከካይሮ እስከ መካከለኛው እስያ ያለው ሁሉ በአንድ ላይ ታይቶ ነው። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ጠቅላላ ድምሩ ያምራል። ከአንድ ወረዳ ወይም ከአንድ ተራራ ቢጠፋ ድምሩ አይነቃነቅም። ለደጀን ገበሬ ግን ዋናው ጥያቄ በደጀን አለ ወይ የሚለው ነው።

ደረጃ እንዴት እንደሚለዋወጥም እወቁ። የበረሃ ሁሉ ምልክት የሆነች አንዲት ድመት አለች፤ የአሸዋ ድመት ትባላለች። እኛ አገር የለችም። የምትኖረው በሰሃራ፣ በዓረቢያ ልሳነ ምድርና በመካከለኛው እስያ አሸዋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በሳይንስ የተመዘገበች ሲሆን ክብደቷ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ብዙ አይበልጥም። መዳፏ ሥር ጸጉር ስላለ ከሚያቃጥለው አሸዋ ይጠብቃታል፣ አሸዋው ላይ ስትሄድም ዱካዋ አይለይም። ውኃ የምታገኘው አብዛኛውን ከምትበላው እንስሳ ደም ነው። ግልገሎቿ በአፍሪካ በረሃ በዱር እንዳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የተቀረጹት እ.ኤ.አ. በ2017 በሞሮኮ ነው። እዚያው ሞሮኮ ውስጥ የሬዲዮ አንገትጌ ታስሮላቸው ክትትል ከተደረገላቸው መካከል አንዷ ከስድስት ወር ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ ከ1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስታካልል ተገኝታለች። የጣናን ሐይቅ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው፣ ሦስት ኪሎ በማትሞላ ድመት!

ይህች ድመት እ.ኤ.አ. በ2002 ለስጋት የቀረበች ተብላ ነበር የተመዘገበችው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስጋቱ አነስተኛ ዝቅ ተደረገች። ድመቶቹ ስለበዙ አልነበረም። ቀድሞ ያልታወቁ መኖሪያዎቿ ስለታወቁ፣ መረጃው ስለሰፋ ነው። በአንጻሩ እስራኤል ውስጥ ጠፍታለች። በዓለም መዝገብ ላይ ስጋቷ አነስተኛ፣ እዚያ አገር ግን የለችም። በደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ምድር የምትኖረው ባለ ጥቁር እግሯ ድመት ደግሞ የአፍሪካ ትንሿ ድመት ስትሆን ለአደጋ የተጋለጠች ተብላ ተመዝግባለች። የበረሃ ድመት ስለሆኑ ብቻ ሁሉም አንድ ዕጣ የላቸውም።

የእኛን የዱር ድመት የሚያሰጋው ትልቁ ነገር ጥይት አይደለም፤ መዳቀል ነው። ገበሬ መዳቀል ምን እንደሆነ ያውቃል። የአገሩ ላም ከውጭ ኮርማ ጋር ስትዳቀል ወተቱ ይጨምር ይሆናል፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ግን ያገሩ ዘር የሚባለውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የቤት ድመትና የዱር ድመትም ዘራቸው አንድ ስለሆነ ሲገናኙ ይዋለዳሉ፣ ልጆቻቸውም መውለድ ይችላሉ። ከተማ ሲሰፋ፣ በገደሉ አፋፍ ቤት ሲበዛ፣ የቤት ድመት ሌሊት ወደ ጥሻው ትወርዳለች። ሲነጋ ደግሞ እናንተ ጋ ተመልሳ ቁርሷን ትጠብቃለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም እንዲል ያገራችን ሰው፣ ከምድጃ ዳር ብትኖርም የዱር ጠባይዋ አብሯት አለ። ሬሳ ሳይታይ፣ ተኩስ ሳይሰማ፣ ዘሩ በዝምታ እየቀለጠ ይሄዳል።

ይህ ግምት አይደለም፣ በሌላ አገር የደረሰ ነገር ነው። በስኮትላንድ ያለው የዱር ድመት የአውሮፓው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት በዱር የቀሩት በቁጥር አንሰው፣ ከቤት ድመት ጋርም ተዳቅለው፣ በራሳቸው ሊቀጥሉ ከማይችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል አለ። ስለዚህ በግቢ አርብተው እ.ኤ.አ. በ2023 ኬርንጎርምስ በሚባለው ተራራማ ፓርክ 19 ድመቶችን ለቀቁ። ለዚህ ሁሉ ወጪ የተዳረጉት በጊዜው ስላልነቁ ነው። እኛ ገና ሳይመሽብን ልንሠራው የምንችለው ብዙ ነው።

ሌላው ጠላት የአይጥ መርዝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ለራሳችሁም ነውና። ገበያ ላይ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጧ በልታው ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየደከመች፣ እየተንገዳገደች፣ ቀን በብርሃን ሜዳ ላይ ትወጣለች። እንዲህ ያለችውን አይጥ መያዝ ለድመትም ለጉጉትም ቀላል ነው። መርዙ በበላተኛው ጉበት ላይ ይከማቻል። አንድ ቤት አይጥ ለማጥፋት የተደረገ መርዝ በዚህ መንገድ አይጧን ከሚያጠፋው አዳኝ ይደርሳል። አዳኙ ከሞተ በሚቀጥለው ዓመት አይጧ በእጥፍ ትመለሳለች፣ መርዙም እንደገና ይገዛል። መርዝ ካስፈለገ ከግብርና ባለሙያ ጋር ተማክራችሁ፣ ከእህልና ከሕፃናት አርቃችሁ ተጠቀሙ። የሞተውን አይጥ ሜዳ ላይ አትጣሉ፣ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ጎተራውን ከመሬት ከፍ ማድረግና በየእግሩ ላይ አይጥ እንዳትወጣ ቆርቆሮ መጠምጠም ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው።

በጎጃም የደረሰ ማስረጃም አለን። ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር እንደነበር አባቶቻችሁ ያስታውሱ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ ዛሬ በመላው አገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። በስሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ አለ። ከጮቄ ግን ጠፍቷል። ተራራው ወደ ላይ ታረሰ፣ ግጦሹ ተጣበበ፣ አይጥ በላው ቀበሮ መቆሚያ አጣ። በባሌ ደግሞ ከውሻ የተጋባው የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ቀበሮዎቹን በመንጋ ጨርሷል። ከጮቄ የጠፋው ቀበሮ ለዓለም ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ ለጎጃም ግን ሙሉ ዘር ነው።

የአባይ በረሃ ከጮቄ የሚለይበት ነገር ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ነው። ገደሉ በአብዛኛው አይታረስም፣ ደግሞም የተያያዘ ነው። ከሞጣ እስከ ደጀን ድረስ አንድ የዱር ድመት ጥሻ ለጥሻ ሊሄድ ይችላል። ከላይ በሜዳው ላይ ደግሞ የየደብሩ ደን አለ። በቢቸና አካባቢ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ አድባራት ለዘመናት ጥዳቸውንና ወይራቸውን ጠብቀው ያኖሩ ናቸው። ባሕር ዛፍ ሥሩ ባዶ ስለሆነ አይጥም ቆቅም ብዙ አይኖርበትም፣ ለድመትም አይሆንም። የደብር ደን ግን ሥሩ ቁጥቋጦ ነው። በገደሉና በደብሩ መካከል ያለው ቅጥር፣ የማሳ ድንበር፣ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሁሉ ተመንጥሮ ካለቀ እንስሳው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ያጣል። ስለዚህ በማሳችሁ ድንበር ያለውን ቁጥቋጦ ሙሉ ለሙሉ አትመንጥሩት። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ምክር ይህ ይበልጣል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ስለ ሕጉም በአጭሩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን፣ እንስሳውንም ሆነ ቆዳውን ይዞ መገኘትን ከልክሎ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደንግጓል። አገራችን በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም የእነዚህን ድመቶች ቆዳም ሆነ ግልገል ያለ ፈቃድ ከድንበር ማሻገርን ይከለክላል። የአነር ቆዳ ዓይን ይማርካል፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው ይመኘዋል። እባካችሁ አትግዙ፣ ገዢ ካለ አዳኝ አይጠፋምና። የበላይ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ገደል ገብቶ ጥሻውን የሚያውቀው ግን እረኛው ነው፣ እናንተ ናችሁ።

ዶሮ ይበላብናል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ተገቢም ነው። አነርም ደልጋ አንበሳም የዱር ድመትም ያልተዘጋ ቆጥ ካገኙ ዶሮ ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሸለምጥማጥ ሆኖ ሳለ የሚገደለው ድመቱ ነው። ቆጡን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ በሩን ማታ ማታ ዝጉት፣ ክፍተቱን በሽቦ ድፈኑት። ጫጩት ያላት ዶሮ ደግሞ ከነጫጩቶቿ ቤት ትደር።

የቤት ድመታችሁንም አስቡባት። አይጥ ትያዝ ብለን ምግብ የምንከለክላት ድመት ጥሻ ትወርዳለች፤ የጠገበች ድመት ከቤት አትርቅም፣ አይጥ መያዟንም አትተውም። የበዙ ግልገሎችን በጆንያ ከትቶ ወደ ገደሉ ወስዶ መጣል በየቦታው የሚደረግ ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ የሚተርፉት አድገው የዱሩን ዘር ይቀላቀላሉ፣ በሽታም ያወርዳሉ። ለሚፈልግ ሰው ስጡ እንጂ አትጣሉ። የእንስሳት ሐኪም ባለበት ከተማ የምትኖሩ ደግሞ ስለ ማኮላሸትና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ።

በሽታውን ካነሳን አይቀር፣ የዱር እንስሳ ሰው መፍራቱን ትቶ ቀን በብርሃን ወደ ቤት ቢመጣ፣ ቢንገዳገድ ወይም ለሃጩ ቢዝረበረብ አትቅረቡት። ልጆችን አርቁ። ድንገት የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ያጥበው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ሳይንቅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

እንጨት ስትለቅሙ ወይም ሣር ስታጭዱ ጥሻ ውስጥ የዱር ድመት ግልገል ብታገኙ እናት የሌላቸው መስሏችሁ አታንሷቸው። እናቲቱ አደን ላይ ናት። የሰው ኮቴ ከሰማች ደግሞ እስክትሄዱ ትደበቃለች። ከቦታው ራቁ፣ ውሻችሁን ያዙት፣ ልጆችም እንዳይነኩ ንገሯቸው። በርግጥ እናታቸው ሞታ ካያችሁ ወይም ቆዳና ግልገል የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ በቀበሌያችሁ ላለው የግብርና ባለሙያ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ፖሊስ ወዲያውኑ አሳውቁ።